ከጌም የመጣው መዝሙር

ኢዩኤል ከሆሳዕና አዲስ አበባ የመጣው በስምንት ዓመቱ ነው። አጎቱ ቤት ካሴት የሚጎርስ የቴሌቪዥን ጌም ነበር፤ አማርኛው እስኪፈታለት ድረስ ከሠፈሩ ልጆች ጋር የተግባባው በሱ ነው። ዛሬ ሠላሳ አምስት ሊሞላው ነው። ቦሌ ለሚ አንድ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ይቆጣጠራል፤ እሁድ እሁድ ጎሮ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል። የልጅነቱ ፍቅር ግን አልለቀቀውም። የተበላሹ አሮጌ ጌሞችን ከየሰዉ ጓዳ ለምኖ ያመጣል፣ ካሴታቸውን በአልኮል ይጠርጋል፣ የተበጠሰ ሽቦአቸውን በካውያ ይበይዳል። ሚስቱ ሄኒ ሳሎኑን ሙዚየም አደረግከው እያለች ብትስቅበትም፣ አንዱ ድኖ ሲበራ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታያለች።

ችግሩ የመጣው ቤተ ክርስቲያኗ የምሥረታ በዓሏን ልታከብር ስትዘጋጅ ነው። የኳየሩ መሪ አሌክስ አዲስ መዝሙር እንዲያወጣ ነገረው። ግጥሙ ቶሎ ተጻፈ፤ ዜማው ግን እንቢ አለ። ሦስት ሳምንት ኪቦርዱ ላይ ተጎልቶ የሚወጣለት ሁሉ ሰው የሚያውቀው መዝሙር ሆነበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተስፋ ቆርጦ ከጌሞቹ አንዱን ከፈተ። ጀግናው ባሕር ውስጥ ጠልቆ ብቻውን የሚዋኝበት ደረጃ አለ፤ እዚያ የምትሰማው ሙዚቃ እንደ እሹሩሩ ያለች፣ ለስላሳ ናት። ጣቶቹ ሳያስበው ኪቦርዱ ላይ ፈለጓት። ዝግ አድርጎ ሲጫወታት ግጥሙ ልክክ አለላት። በኋላ እቀይራታለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። የቀየረው ሁለት ኖታ ብቻ ነው።

ልምምድ ላይ አሌክስ ከየት እንዳመጣት ጠየቀው።

«ስጸልይ ተሰጠኝ» አለ ኢዩኤል። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ መመለሻ አጣለት።

በበዓሉ ቀን አሌክስ በጸሎት የተሰጠች መዝሙር ብሎ አስተዋወቃት፤ ስትዘመር ሕዝቡ አለቀሰ። ከሁሉ ይልቅ ያለቀሱት እትዬ እንቁ ናቸው። ልጃቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ መጥተው ይቀመጣሉ እንጂ ዘምረው አያውቁም። ያን ቀን ዘመሩ። ሲወጡ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መዝሙሯን እግዚአብሔር ለሳቸው ብሎ በሱ በኩል እንደላካት ነገሩት። ኢዩኤል አሜን ማለት አቃተው፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ከዚያ ወዲያ ጌም መክፈት ተወ። ሥራ ላይ የተበላሸ ስፌት እያለፈው አለቃው ሁለት ጊዜ ጠራው። እሁድ በመጣ ቁጥር ያችን መዝሙር ሲጀምር የእትዬ እንቁን ፊት ላለማየት ያቀረቅራል። በመጨረሻ ለሄኒ ነገራት። እሷም ሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ለእሳቸው ንገራቸው አለችው።

ጌሙን በፌስታል ጠቅልሎ በሚኒባስ የካ አባዶ ሄደ። እትዬ እንቁ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰካው፤ ባሕሩ ጋ እስኪደርስ ተጫወተና እጁን አነሣ። ዜማዋ ቤቱን ሞላችው። መጀመሪያ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ፈገግ አሉ፤ ቀስ በቀስ ግን ገባቸው።

«ይቅር ይበሉኝ። ስጸልይ የተሰጠኝ አይደለም፤ ዋሽቻለሁ» አለ።

እትዬ እንቁ ድምፁን እንዲቀንሰው በእጃቸው አመለከቱት። «ዜማው ከየትም ቢመጣ ግድ አልነበረኝም፣ ልጄ» አሉ። «ግን በጸሎት ተሰጠ ስትሉ፣ ለኔ ተላከ ብዬ ነበር እኮ የዘመርኩት።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን ምሳ በልተህ ሂድ አሉት፤ ጌሙን ነቅሎ በፌስታሉ መለሰና ቁጭ ብሎ በላ።

እሮብ ልምምድ ላይ ለሁሉም ተናገረ። መዝሙሯ ቀረች፤ ሽማግሌዎቹም ለሦስት ወር ከአገልግሎት አገዱት። ሳይከራከር ተቀበለ፤ እንዲያውም ቀለል አለው። ቅለቱ የቆየው እስከ እሁድ ነው። ከኋላ ወንበር ሆኖ ሲያይ እትዬ እንቁ ከሕዝቡ ጋር ተነሥተዋል፤ አፋቸው ግን ተዘግቷል። የበደላቸው ሲዋሽ ይሁን ወይስ የራሱን ልብ ሊያቀልል እውነቱን ሲነግራቸው፣ ሊለይ አልቻለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ይጠይቃቸው ጀመር። ስለ መዝሙሯ አያነሡም። ስለ ልጃቸው ያወሩለታል፤ እሱ ይሰማል። ሦስት ወሩ ሲያልቅ አሌክስ ወደ ኪቦርዱ እንዲመለስ ጠራው። ኢዩኤል መጀመሪያ እትዬ እንቁን ላስፈቅድ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ይሄዳል፤ ይህን ግን እስካሁን አላነሣላቸውም።