እኔ የጠቀለልኩት የዓሣ ክር

ዛሬ ጠዋት እጮኛዬን ልሸኝ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ስደርስ፣ ትናንት ያዘጋጀሁለት የዓሣ ማጥመጃ ቦርሳ የጤና ጣቢያችን አዲሷ ነርስ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል።

እሱ አጠገቧ ቆሞ ያስረዳታል። "ወደ ዓባይ ሲወረድ ዘንግ አይያዝም፤ ሸምበቆ እዚያው ይቆረጣል። እኔ ክሩን የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ጠቅልዬ፣ መንጠቆውን የነጠላ ጫማ ቁራጭ ላይ ሰክቼ በአንድ ትንሽ ቦርሳ እጨርሰዋለሁ።"

ይህ ሰው አምና ለአንድ ቀን ዓሣ የአህያ ጭነት ያህል ዕቃ ተሸክሞ ነበር የሚወርደው። ዕቃ መቀነስን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ትናንት "ቁልቁለቱ ይጎዳሻል፣ አንቺ ቅሪ" አለኝ። ነርሷን ግን ቁልቁለቱ የሚፈራት ይመስላል።

"ይሄን ሁሉ ማን አሳየህ?" አልኩት።

"አንቺ ልጅ፣ በክርም ትቀኛለሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

አዎ፣ በክሩም ቀናሁ፣ በእሷም ቀናሁ። ቦርሳዬን ተቀብያት ወደ ቤት ተመለስኩ። እሷ እንኳ "የአንቺ መሆኑን አልነገረኝም" አለች፤ አመንኳት።

በእናንተ ሙያ ሌላ ሰው ተመስግኖበት ያውቃል? ከታች ጻፉልኝ።

እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔን ቤት አስቀምጦ ሙያዬን ይዞ የሚወጣ ሰው አልቀበልም፤ ቀለበት ያሰረልኝም ቢሆን።