የዓሣዋ ጎሳ

ባለፈው ወር ለሥራ ዶሎ ኦዶ ወርጄ ነበር። ከነገሌ ተነስተን ፊልቱን አልፈን ስንደርስ የምሳ ሰዓት አልፏል፤ የመንገዱ አቧራ ጥርሳችን መሃል ገብቶ ይንቀጫቀጫል። ገናሌ ወንዝ አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ገባንና እኔ ዓሣ አዘዝኩ። ሾፌራችን ጃርሶ የቦረና ሰው ነው፤ ለእሱ ዓሣ ከምግብ አይቆጠርም። ሩዙን በሙዝ እየበላ ሳህኔን በጥርጣሬ ያየዋል። ዓሣው ሲከፈት ሆዱ በብርቱካናማ እንቁላል ተሞልቷል።

«ሲስተር፣ ይሄንንም ልትበይው ነው?» አለኝ።

«እንዴታ! ምርጡ እሱ አይደል?»

«ያ ዋቅ!» ብሎ ፈጣሪውን ጠራና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ እንቁላል አይቼ ሥራዬን ባስብ አይፈረድብኝም። ያን ቀን ግን ትዝ ያለኝ ሌላ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ስለ አንዲት ዓሣ ተማርኩ፤ በእሷ ሰበብም አባቴን አገኘሁት። አገኘሁት ስል በአካል አይደለም።

አባቴ ወታደር ነበር፤ ነገሌ ካምፕ ነበር የሚኖረው። እኔ ገና ቆሜ ሳልሄድ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦሩ ተበተነ፣ እሱም ከጓደኞቹ ጋር ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልተሰማ። ፎቶ እንኳ አልነበረንም። የነበረኝ ስሙ ብቻ ነው፤ እሱንም የምሰማው መምህራን ስሜን ከነአባቴ ሲጠሩ ነው። እናቴ ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ ትሰፋ ነበር። ስለ እሱ ስጠይቃት ክሩን በጥርሷ በጠስ ታደርግና «አንቺ የእኔ ብቻ ነሽ» ትለኛለች። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ይህ ቃል ደስ ይለኝ ነበር። ከፍ ስል ግን መስታወት ፊት እየቆምኩ ከፊቴ ላይ የእሷ ያልሆነውን መፈለግ ጀመርኩ። ከአባቴ አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ እኔ ላይ ቀርታ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ አዲስ ጫማም በጣም እመኝ ነበር።

ሃገያ የሚባለው የጥቅምት ዝናብ የጀመረ ሰሞን ነው። የነገሌ ቀይ አፈር ሲርስ ጫማ ይበላል፤ ክፍላችን ገብተን እስክንቀመጥ ወለሉ ጭቃ በጭቃ ይሆናል። ባዮሎጂ የሚያስተምሩን ቲቸር ደምሴ ከመጽሐፉ ወጣ ማለት ይወዱ ነበር። በዚያ ቀን በሜክሲኮ ወንዞች ስለሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች ነገሩን። በዘራቸው ወንድ የሚባል የለም፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ለመውለድ ከሌላ የቅርብ ዝርያ ወንድ ይፈልጋሉ፤ የወንዱ ዘር ግን እንቁላሉን ቀስቅሶ ይቀራል እንጂ ከእሱ ወደ ልጆቹ የሚተላለፍ ነገር የለም። የሚወለዱት ሁሉ ሴት፣ ሁሉም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ቱሜ እጇን አወጣች። ቱሜ የቦረና ልጅ ናት፤ እነሱ ቤት እንግዳ ሲመጣ ሰላምታው እንዳለቀ የሚጠየቀው ጎሳው ነው፤ ጎሳ ደግሞ የሚቆጠረው በአባት ነው።

«ቲቸር፣ አባቷ ምንም ካልሰጣት ይቺ ዓሣ ጎሳዋ ምንድን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቲቸር ደምሴም አብረው ሳቁ። ሳቁ በረድ ሲል ከኋላ ወንበር አንዱ «ሰብለን ጠይቋት!» አለ። ሰብለ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ባሰ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ «ዓሣዋ» ሆኖ ቀረ።

በእረፍት ሰዓት ቱሜ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተከትላኝ ወጣች።

«እኔ እኮ ያልኩት ዓሣዋን ነው፣ አንቺን አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ከፈለግሽ የእኛን ጎሳ እንስጥሽ። ዛሬውኑ አባን እጠይቀዋለሁ።»

ተናድጄም ቢሆን ሳቄ አመለጠኝ። እውነቱን ለመናገር የቆረቆረኝ ቅጽል ስሙ አልነበረም። ቲቸር ደምሴ ስለ ዓሣዋ የተናገሩት እናቴ ስለ እኔ ከምትለው ጋር አንድ ሆኖብኝ ነው። ሞኝነት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ቢሆንም «የእኔ ብቻ ነሽ» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንስ የሚል ፍርሃት ገባብኝ። ትምህርት ሲያበቃ ቲቸር ደምሴን መምህራን ክፍል በር ላይ የጫማቸውን ጭቃ በእንጨት ሲጠርጉ አገኘኋቸው።

«ቲቸር፣ ሰውስ እንደዚያች ዓሣ ሊወለድ ይችላል?»

ሊስቁ ከጀመሩ በኋላ ፊቴን አይተው ተዉት። «አይችልም። ምነው?»

«እናቴ የእሷ ብቻ እንደሆንኩ ነው የምትነግረኝ።»

ጎንበስ አሉና በያዙት እንጨት እርጥቡ አፈር ላይ ለእናት ሁለት ኤክስ፣ ለአባት አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ጻፉ። «እናት ኤክስ እንጂ ሌላ የምትሰጠው የላትም። ወንድ ይሁን ሴት የሚለየው ከአባት በሚመጣው ነው። ዓሣዋ ሴት የሆነችው ከአባት ምንም ስላልወሰደች ነው። አንቺ ግን ሴት የሆንሽው ከአባትሽ ስለወሰድሽ ነው። ዋዩን ቢሰጥሽ ወንድ ትሆኚ ነበር፤ ኤክሱን ሰጠሽ። ያንን ኤክስ ደግሞ እሱ ያገኘው ከእናቱ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «ገባሽ? ሴትነትሽ ራሱ የአባትሽ ስጦታ ነው።»

ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ደብተሬን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ መኪናዋን እየረገጠች ትሰፋለች። ውኃ እያንጠባጠብኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመ። አሁን ክሩን ትበጥሳለች፣ ያንኑ ቃል ትደግምልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር አወረደች።

«ነይ፣ እጅሽን ዘርጊ።»

ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ ለካችኝ። «ዩኒፎርምሽን ስሰፋ እጅጌው ላይ ሁልጊዜ የምጨምረው ለምን ይመስልሻል?»

«ስለማድግ ነዋ።»

«አይደለም። የክንድሽ ልክ የእኔ አይደለም።»

ከዚያ ወሬው መጣ። አባቴ የተሰጠው ሸሚዝ እጅጌው አጥሮበት ሊያስረዝም ወደ እሷ መጥቶ ኖሯል። ጨርቅ ቀጥላ አስረዘመችለት። በሳምንቱ ሌላ ሸሚዝ ይዞ መጣ። «ሸሚዙ ሲያልቅበት የጓደኞቹን የራሴ ነው እያለ ያመጣ ጀመር። አንዱማ ደረቱ ላይ አልቆለፍ አለ!» አለችና ሳቀች። ስለ እሱ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። የወሎ ሰው እንደሆነ፣ ስለ እናቱ አውርቶ እንደማይጠግብ፣ እኔንም ወስዶ ሊያሳያት ያስብ እንደነበር ነገረችኝ።

«እናቱ ስሟ ማን ነው?»

«እንጃ ልጄ። እሱ ‹እናቴ› ብቻ ነው የሚላት። ሲወስደን ራሷን እጠይቃታለሁ ብዬ ተውኩት።»

«ታዲያ ለምን የእኔ ብቻ ነሽ ትይኝ ነበር?»

ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «ካወቅሽው ትጠብቂዋለሽ። መጠበቁን ብቻዬን ልወጣው ብዬ ነው።»

ተቃቅፈን አለቀስን። የእርጥብ ልብሴ ውኃ ስትሰፋ የነበረውን የሰው ቀሚስ አበላሸው፤ በማግስቱ አጥባ ተኮሰችው።

አባቴ አልመጣም። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ስሙን ለመጥራት አልፈራችም፤ እኔም መስታወቱን ተውኩት። ቱሜ እንዳለችው አባቷን ጠይቃ ኖሮ፣ ሰውዬው «ዓሣም ብትሆን ትምጣ» ብለው ቤታቸው ጋበዙኝ፤ የቤታቸውን ወተት ስንቴ እንደጠጣሁ አላስታውሰውም። ዛሬ ቱሜ ቡሌ ሆራ ቡና ትነግዳለች፤ ስትደውል «አካም፣ ዓሣዋ!» ብላ ነው የምትጀምረው። ቲቸር ደምሴ በዓመቱ ተዛውረው ሄዱ። አፈር ላይ የጻፉልኝን ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም፤ ባሉበት ይባረኩ።

በሥራዬ፣ ወንድ ልጅ ሲጠብቅ የዋለ አባት «ሴት ናት» ሲሉት ፊቱ ሲጠቁር አያለሁ። «እንኳን ደስ አለህ፣ ሴት ያደረግሃት አንተ ነህ» እለዋለሁ፤ እናትየው እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይኮሳተራል፤ ሚስቱን የሚወቅስበት አፍ ግን ያጣል።

እግሬ ወሎን ረግጦ አያውቅም። እዚያ ልጇን ለውትድርና የሸኘች አንዲት ሴት ነበረች፤ ተመልሶላት እንደሆነም አላውቅም። ነገሌ ውስጥ የልጅ ልጅ እንዳለቻት ሳትሰማ ኖራ ይሆናል። ሴትነቴ ግን በልጇ በኩል አድርጎ የመጣው ከእሷ ነው። አንዳንድ ቀን፣ አዲስ የተወለደች ሴት ልጅ አጣጥቤ ለእናቷ ሳቀብል፣ ያቺን የወሎ ሴት እግዜር ይስጥልኝ ማለት ያምረኛል። በምን ስም እንደምጠራት ስለማላውቅ አባቴ እንደሚጠራት እጠራታለሁ፦ እናቴ።