ጋቢና የተቀመጠችው

የከሚሴ ሰፈራችን ቅሬ ዋና ሥራው ሬሳ መቅበርና ሐዘንተኛ ማጽናናት ቢሆንም፣ በዓመት አንዴ የጭነት መኪና ተኮናትሮ ለመውሊድ ይወስደን ነበር። ሁላችንም ከኋላ እንደ እህል እንጫናለን። ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን፣ የምትቀመጠው በዚያ ዓመት ሐዘን ያገኛት ሴት ናት፤ ደንቡ ነው።

አንድ ዓመት ቦታው ለጎረቤቴ ደረሰ። ባሏን ከቀበረች ገና መንፈቋ ነው። ይህን እያወቅሁ ቅናት አንጨረጨረኝ። ክርኗን በመስኮቱ አውጥታ፣ ነጭ ሻሿ ሳይቆሽሽ! የእኔን አዲስ ቀሚስ አቧራ በልቶታል።

"እሷን ብሎ ሐዘንተኛ!" አልኩት ባሌን።

ድቤ የሚመታው እሱ ነበር። ድቤውን ለሌላ ሰው አቀበለና ፎጣውን በራሴ ላይ ጣል አደረገልኝ። "አንቺ ደሞ በዚህም ትቀኛለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። እስክንደርስ አኮረፍኩት።

በዓመቱ የቅሬው ዳኛ የጋቢናውን በር ራሳቸው ከፈቱልኝ። "አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ" አሉኝ። መቀመጫው ለስላሳ ነው፤ አቧራም የለም። ከኋላ ድቤውን ሌላ ሰው ይመታል፤ ጎረቤቴ ከሁሉም በላይ ስታጨበጭብ ይሰማኛል።

አሁንም በእሷ ቀናሁ።