የተከራየው ወንድም

ሴልሞ በማኒላ፣ ቶንዶ ሰፈር ጂፕኒ የሚባሉት የሕዝብ ታክሲዎች ተራ አስከባሪ ነበር። ጉልበቱን የሚፈራ አልነበረም፤ ምላሱን ግን ሁሉም ይፈራው ነበር። ፖሊስ ሲያልፍ «መንገድ ልቀቁለት! ሌባው ቆሞ እየጠበቀው ነው፣ ድርሻውን ሊሰጠው!» ይላል። በምርጫ ሰሞን ተወዳዳሪዎች ሩዝ ሲያድሉ ከሰልፉ ፊት ቆሞ ይቀበልና «ነፃነት ይሏችኋል ይኸ ነው፤ ድሮ በነፃ ይረግጡን ነበር፣ አሁን ሩዝ ከፍለው ነው» ይላል። የሰፈሩን ቄስም አይምርም። «አባ ስለ ገነት ሲያወሩ ደላላ ይመስሉኛል። ቤቱን ራሳቸው አላዩትም፣ ቀብድ ግን ይቀበላሉ።» ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እሱ ራሱ ሲስቅ ግን ያየው የለም።

በዚያ ሰፈር ቁማር ክልክል ነው። ለቅሶ ቤት ከሆነ ግን ሕጉ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የሬሳ ሣጥኑ እዚያ እስካለ ድረስ ካርታ ይጫወታሉ፣ ከየጨዋታውም ለቀብር የሚሆን ይነሣል። አሊንግ ሎሌንግ የምትባል ሴት ታዲያ ነገሩን ንግድ አደረገችው። ጠያቂ ያጣ ሬሳ ከቀብር ድርጅት ትከራይና ባዶ ጋራዥ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ሻማ ታበራለታለች፣ ጠረጴዛዎቿን ትዘረጋለች። ለቀበሌው ሊቀመንበርም ለፖሊሱም እጃቸው ላይ የሚወድቅ ነገር አታጣም። የጎደላት ሐዘንተኛ ብቻ ነበር።

«ወንድሜ ነው ብለህ አጠገቡ መቀመጥ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም» አለችው ሴልሞን።

«ለመቀመጥማ የምክር ቤት አባላትም ይከፈላቸዋል። እሺ።»

«ስሙን ማን ልበለው? ሣጥኑ ላይ መጻፍ አለበት።»

ሴልሞ በሣጥኑ ክዳን መስተዋት በኩል ሟቹን አየው። ስድሳ የሚጠጋው፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ የማንም ያልሆነ ሰው። «ሊዮኒሎ በይው» አላት። «መንግሥት አንድ ወስዶብኛል፤ አንድ መለሰልኝ እንበላ።»

ሊዮኒሎ፣ ቤተሰቡ ኒሎ የሚለው፣ ታላቅ ወንድሙ ነበር። በወታደራዊው አዋጅ ዘመን ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሲወጣ ወታደሮች መኪና ላይ ጭነውት ሄዱ፤ በዚያው ቀረ። ሴልሞ ያኔ ጢሙ እንኳ አላቀመቀመም። ምላሱ የሰላውም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ወንድሙ ሲጠይቁት «ሞቷል። መንግሥት ደግሞ የወሰደውን የት እንዳደረሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ካላመናችሁ ግብራችሁን ጠይቁት» ይላል።

ቀልድ መስሎት ነበር። ግን ስሙ ሲሰማ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይመጡ ጀመር። ከኒሎ ጋር ያደጉ ሴቶች ሣጥኑ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። «አረጀ እንጂ ራሱ ነው! አፍንጫውን እዩት፣ የእነሱ ቤት አፍንጫ!» ተባባሉ። ሴልሞ በልቡ «ሰው የተነገረውን ነው የሚያየው» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ሲያይ አፍንጫው እውነትም የኒሎ ሆኖ ታየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መስተዋቱ ላለማየት ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ጀርባው ላይ ግን የሚያየው ሰው እንዳለ ይሰማው ነበር።

«ቅበሪው» አላት ሎሌንግን።

«ገና አሁን ነው ቤቱ የሞቀው! ‹ነፃ ሰው ሟች ብቻ ነው› የምትለው አንተ አይደለህም? በነፃነቱ ትንሽ ይቆይልና።»

ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። በራሱ ቀልድ ሲሳቅበት የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ለምሳ ቤቱ ሲገባ እናቱ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠው አገኛቸው። ዘጠና የደፈኑ፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። ጎረቤት ሊያጽናናቸው ገብቶ ኖሯል። ሴልሞ ስለ ሁሉም ሲያስብ እሳቸውን ረስቶ ነበር።

«ኒሎ መጣ አሉኝ» አሉ። «አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

እውነቱን ቢናገር ልጃቸውን ዳግመኛ ሊነጥቃቸው ነው። ዝም ቢል ደግሞ የማያውቁትን ሰው ልጄ ብለው ሊቀብሩ ነው። ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጋራዡ ወሰዳቸው።

ቁማርተኞቹ ካርታቸውን አስቀምጠው ተነሡ። አሮጊቷ መስተዋቱን አስከፍተው ግንባሩን፣ ጆሮውን ዳሰሱ። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሡ። የኒሎን ሌባ ጣት ጫፍ የማተሚያው መኪና ቆርጦት ነበር፤ የዚህ ሰው ጣቶች ሁሉ ሙሉ ናቸው። ሴልሞ ዓይኑን ጨፈነ። እናቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳስሰው ሲጨርሱ እጁን ቀስ አድርገው መለሱት።

«ልጄ ነው» አሉ። «ዛሬውኑ ይቀበራል።»

ከእናት ጋር የሚከራከር አልተገኘም፤ ሎሌንግ እንኳ ጠረጴዛዎቿን አጣጠፈች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ። ሊቀመንበሩ ሣጥኑን ከፊት ተሸከመ፤ ምርጫ ደርሶ ነበር። ቢሆንም እያለቀሰ ነበር፣ እንባውም የውሸት አይመስልም።

ሲመለሱ ሴልሞን አላስቻለውም። «እማዬ፣ ጣቱን ዳስሰዋል አይደል?»

«ዳስሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ደከመኝ፣ ልጄ። አንድ ሰው መቅበር ነበረብኝ።»

ቤት ገብተው ጋደም አሉ። «መቀርቀሪያውን ወርውረው» አሉት። «ከእንግዲህ የሚመጣ የለም።» ኒሎ ከሄደ ጀምሮ ያ በር ከውስጥ ተቀርቅሮ አያውቅም፤ እሳቸው አይፈቅዱም ነበር።

ሴልሞ ብረቱን ያዘው። እጁ ግን እምቢ አለው። በየአደባባዩ «ሞቷል» እያለ ሲቀልድ የኖረው፣ እቤት ውስጥ ኒሎን የሚጠብቁለት እናቱ ስለነበሩ መሆኑን አሁን ገና አወቀ። ከሱ በቀር ኒሎን የሚጠብቅ ሰው በምድር ላይ አልቀረም።

«ዘጋኸው?» አሉ እናቱ ከውስጥ።

«ዘጋሁት፣ እማዬ» አላቸው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶት፣ ጆሮውን ወደ ደጅ እንደሰጠ ተቀመጠ።