ጋሽ ከድር የተረጎሙት ፊልም

ዛሬ ጠዋት ጎባ፣ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ መታወቂያ ስጠየቅ ቦርሳዬን ስበረብር፣ ከመታወቂያው ጀርባ ተለጥፋ የኖረች ቁራጭ ካርቶን አብራ ወጣች። ወይን ጠጅ ማህተሟ ደብዝዟል፣ ጠርዟ በላብ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። እህቴ እትዬ አስቴር ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ቀዶ ጥገናዋን ትጠብቃለች። እኔ የአርባ ስድስት ዓመቷ የሮቤ ቢሮ ሠራተኛ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደማደርገው ካርቶኗን በግራ መዳፌ ጨበጥኳት።

ካርቶኗ የቪዲዮ ቤት ቲኬት ናት። ያኔ ጎባ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ የጋረደ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ውስጡ እርጥብ ካፖርትና ቆሎ ቆሎ ይሸታል፣ ጭጋጉም በበሩ ሥር ተከትሎን ይገባል። የህንድ ፊልም በሚታይበት ቀን ጋሽ ከድር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው፣ ተዋንያኑን በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ይተረጉሙልናል። ከህንድኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግድ የሚሰጠው ግን አልነበረም። የህንዱ ጎረምሳ በእሳቸው አፍ «ሲናና ወርጄ ስንዴ አጭጄም ቢሆን አገባሻለሁ» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል፤ ዘፈን ሲመጣ ደግሞ «አሁን እየዘፈኑ ነው» ብለው ቁጭ ይላሉ።

ያን ክረምት እናታችን ሆስፒታል ገባች። ምን እንዳመማት የነገረኝ የለም፤ ትልልቆቹ እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፣ ጎረቤቶች ዳቦ ይዘው ይመጡና ራሴን ይደባብሱኛል፣ እኔን ደግሞ ከዚያ መደባበስ የበለጠ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። እህል አልቀምስ፣ ብቻዬን ደጅ አልወጣ ብዬ አስቸገርኩ። ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው እትዬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እጄን ይዛ ቪዲዮ ቤት ወሰደችኝ።

ፊልሙ የታመመች እናትና የሁለት ልጆቿ ታሪክ ሆኖ ቁጭ አለ። መጨረሻው ላይ ሐኪሙ ነጭ አንሶላ ስቦ ፊቷን ሲሸፍናት የእትዬን ክንድ ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። ጋሽ ከድር ከዘራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኛ ወንበር ዞሩ። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። ሐኪሙ ብርድ እንዳይመታት ነው የሸፈናት። ትተኛለች፣ ነገ ትነሳለች» አሉ።

«ታዲያ ልጆቹ ለምን ያለቅሳሉ?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ።

«ርቧቸው ነው።»

ፊልሙን ሦስቴ አራቴ ያየ ሰው ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ አንድም የሳቀ፣ አንድም ያረመ አልነበረም። እኔም አመንኩ። በጎባ ብርድ ፊቱን በጋቢ ሳይሸፍን የሚተኛ ማን አለ?

ቲኬት ሲወጡ በር ላይ ይመለስ ነበር፤ የዚያን ቀኗን ግን ጫማዬ ውስጥ ደብቄ አስቀረኋት። በየቅዳሜው ያንኑ ፊልም ካላሳያችሁኝ እያልኩ፣ «ነገ ትነሳለች» የሚለውን ለመስማት ስል እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ። ፍርሃቱ ሲመጣብኝ ቲኬቷን እጨብጣለሁ፤ ፈተና ስቀመጥም፣ ምጥ ሲይዘኝም ይኸው ልማድ አለቀቀኝም።

እማዬን አንድ ጠዋት በነጭ ነጠላ ሸፍነው ቤት አመጧት። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ነጠላውን በእግሯ በኩል እያስተካከልኩ፣ ብርድ እንዳይመታት ነው፣ ነገ ትነሳለች እያልኩ ዝም ላሰኛቸው ሞከርኩ። ጋሽ ከድር ለቅሶ ሲመጡ ፊቴን አዞርኩባቸው፤ ዓመታት አልፈውም መንገድ ላይ ሰላም አልላቸውም ነበር። እትዬ ያን ቅዳሜ በር ላይ የትኛው ፊልም እንደሚታይ ሰምታ፣ እኔን ይዛ ከመመለስ ይልቅ ቀድማኝ ገብታ መጨረሻውን እንዲለውጡልኝ እያለቀሰች ለምናቸው እንደነበር የነገረችኝ እኔ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ እሳቸው አርፈዋል፣ ቪዲዮ ቤቱም ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ቅድም ስሟ ተጠርቶ ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሲያስተኟት፣ እትዬ እጄን ያዘችኝ።

«ሐኪሙ ለብቻሽ ጠርቶ ምን አለሽ?»

ሐኪሙ ያለኝን ልድገመው ብል አፌ እሺ አይለኝም። «ቀላል ነው አለኝ፣ እትዬ» አልኳት፤ «ትተኛለሽ፣ ከዚያ ትነሻለሽ።»

ፈገግ አለች። «ልክ እንደ ጋሽ ከድር» አለችና አንሶላውን ከአገጯ ወደ ደረቷ መለሰችው። «ብርድም ቢሆን ግን ፊቴን እንዳትሸፍኚኝ።»

ገፍተው አስገቧት። እኔ አግዳሚው ላይ ካርቶኗን ጨብጬ ተቀምጫለሁ፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው በሩን በከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ለአንዲት ልጅ ብሎ ዝም ያለ፣ ያ ሁሉ ሰው የሞላበት ቤት ዛሬ የለም። አሁን ያ በር ሲከፈት የሚነገረኝን የሚተረጉምልኝ ሰው የለኝም፤ እንዳለ ልሰማው ነው።