የመጨረሻዋ ሥዕል

የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ አጫጭር የሚያስፈሩ ታሪኮችን ታያለች። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ፣ ትጮኻለች። ትናንት "አባባ፣ መጨረሻውን እየው!" ብላ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። መነጽሬን እስካገኝ ሟቹ ተነሥቶ፣ ገዳዩን አንቆ፣ ነገሩ ሁሉ አልቋል። ይኼን ዓይነቱን ጉድማ እኔ ያወቅሁት እናቷም ሳትወለድ ነው፤ በወረቀት፣ ደብረ ብርሃን ላይ።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ከአንኮበር ዳቦ ቆሎና በሶዬን ተሸክሜ በእግሬ እመጣለሁ። ከአገሬ ልጅ ከግርማ ጋር እትዬ የሺ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። አንድ ፈረንጅ አስተማሪያችን ወደ አገሩ ሲመለስ ሽፋናቸው የተገነጠለ የሥዕል መጽሔቶች ትቶልን ሄደ። እያንዳንዱ ታሪክ ከጥቂት ገጽ አያልፍም፤ መጨረሻው ላይ ግን ጉድ ይፈላል። ሚስቱን ገድሎ የቀበረ ባል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ራሱ ይገኛል። እኛም እንግሊዝኛ እያጠናን ነው እያልን ስንፈራ እንውላለን።

በኅዳር ቅዳሜ፣ ውርጩ ከቀለጠ በኋላ፣ ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ ስንሞቅ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነባለሁ። እትዬ የሺ ለብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር እየፈተሉ ያዳምጣሉ። "እግዚኦ! ፈረንጅ ለሙታኑ ፍትሐት አያስደርግም እንዴ?" ይሉ ነበር። እንደ እሳቸው ከሆነ እነዚያ ሙታን ሁሉ ከመቃብር የሚነሡት በዚሁ ምክንያት ብቻ ነው።

አንድ ልጃቸው ታደሰ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ሄዶ ነበር። መርዶው ከመጣ ዓመት አልፎታል። እሳቸው ግን "ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም" ብለው ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ከደጅ መለሷቸው። እራት ሲቀርብ የታደሰን ድርሻ ለብቻ ከድነው ያስቀምጡ ነበር። በፊታቸው "ነፍሱን ይማር" የሚል ሰው ወዮለት! እህል አልወርድላቸው ብሎ ከቀን ወደ ቀን ሲከሱ አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አስቀድሜ ያላየሁትን ታሪክ ጀመርኩ። እናት አለች፤ ልጇ ዘምቷል፤ ወሬው ጠፍቷል። ግርማ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ገባኝ፤ ግን ምን ዋጋ አለው! ልዘጋው ስል እትዬ የሺ "ጨርሰው እንጂ" አሉ። በሩ ተንኳኳ። እናትዮዋ "ማነው?" አለች። "እኔ ነኝ፣ እማዬ" አለ ልጁ። ገጹን ስገልጥ የወታደር ልብስ የለበሰ አጽም ደጁ ላይ ቆሟል፤ ሴትዮዋ በድንጋጤ ወድቃ ሞታለች።

"ገባ፣ ተሳሳሙ፣ አለቀ" አልኩ።

"እስቲ አምጣው።"

መጽሔቱን ከእጄ ወስደው ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩት። የሚወድቁ መስሎኝ ልደግፋቸው ተነሣሁ።

"እሰይ" አሉ ቀስ ብለው። "እንኳን መጣላት። አጥንቱም ቢሆን ልጇ አይደል? ምን አስደነገጣት?"

እንዝርታቸውን መሬት አስቀመጡ።

"የእኔ ግን አይመጣም፤ አይደል ልጆቼ?"

ግርማ እንባው ቀደመው። እሳቸው ወደ ቤት ገብተው የታደሰን ጋቢ ከሳጥን አወጡ። በእኛ አገር ሬሳው ላልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀሳል፤ ጋቢውን ግቢው መሀል ዘረጉና "ታደሴ!" ብለው ጮኹ። ጎረቤቱ ዓመት ሙሉ ያንን ጩኸት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። ፍትሐቱም ተደረገ። በዚያ ሳምንት እትዬ የሺ እህል ሲቀምሱ አየሁ፤ የተከደነ ድርሻም አልነበረም።

ይኼን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት።

"ታዲያ አባባ፣ ይኼ ምኑ ያስፈራል?" አለችኝ።

ምንም አያስፈራም። እኔም ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ በሩ ሲንኳኳ "ማነው?" ማለት ትቻለሁ። ዝም ብዬ እከፍታለሁ።