የድንጋይ ዳማ

አባቴ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ስለ ዓይኑ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። የሚያንገበግበው ዳማው ነበር። ደካ በሚባል ቦታ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ቦንጋ ገባና ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የልብስ ሰፊው በረንዳ አይጠፋም ነበር። ጨዋታው በቆርኪ ነው፤ የአንዱ ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ይደረደራል። ማየት ሲያቅተው በእጁ ይዳብስ ጀመር። ቆርኪ ደግሞ ቀላል ነው፣ በተነካ ቁጥር ይንሸራተታል። ጨዋታ አበላሸህ ብለው ጮኹበትና ቤት መዋል ጀመረ።

ያን ጊዜ እኔ ኮብልስቶን እጠርባለሁ። ዲፕሎማ ይዤ ሥራ ባጣ ‹‹ተደራጁ›› ተባልን፣ ተደራጀን። ስንጠርብ ከሚወድቀው ስብርባሪ ለአባቴ የሚሆነውን እየመረጥኩ ወደ ቤት ማምጣት ያዝኩ። ድንጋይ ከባድ ነው፣ ሲዳሰስ ከቦታው አይነቃነቅም። የእሱን ጠጠሮች ክብ፣ የተጋጣሚውን ባለ አራት ማዕዘን አደረግኳቸው። በመሮ ቀርጬ ውኃ እያፈሰስኩ አለት ላይ አሻቸዋለሁ። ሲነግሡ ተገልብጠው በጣት እንዲለዩ ከሥራቸው መስቀለኛ ጭረት አወጣሁላቸው። የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ።

‹‹ቀን ድንጋይ፣ ማታ ድንጋይ! ይኼን እጅ ማን ያገባዋል?›› ትለኛለች እናቴ።

አባቴ ግን አንዱን ክብ ጠጠር ጉንጩ ላይ አድርጎ ሲስቅ አየሁት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ የሳቀው ያኔ ነው።

ክንዱን ይዤ መንገዱን አሻገርኩት። ልብስ ሰፊው ጠጠሮቹን እያገላበጠ አደነቀ፣ ተቀመጡ፣ ጀመሩ። የአባቴ ጣቶች ሰሌዳው ላይ ቀስ ብለው ሄዱና አንዱ ጠጠር ላይ አረፉ።

‹‹ነካህ›› አለ ልብስ ሰፊው።

‹‹ምን አልክ?››

‹‹ነክተኸዋል። የነካ ያስኬዳል።››

ሕጉን ያወጣው አባቴ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ልብስ ሰፊው ዝንብ ሲያባርር ክንዱ ቆርኪ ነካ። አባቴ ያንኑ ቆርኪ አስኬደውና በላበት፤ ከዚያ በኋላ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ‹‹የዝንብ ምርኮኛ›› እያለ ይጠራው ነበር። ሰውዬው ይህን ሁሉ ጊዜ ቂሙን ይዞ ቆይቷል።

ደሜ ፈላ። ‹‹ጋሼ፣ ሳይነካ በምን ይየው?››

‹‹አንቺ አርፈሽ ቁሚ!›› ብሎ የጮኸብኝ አባቴ ነው። ‹‹ሕግ ሕግ ነው።››

የነካውን አስኬደ። ልብስ ሰፊው ሁለት በላ። ቀጥሎም ነካ፣ ቀጥሎም ተበላ። በረንዳው በሳቅ ተሞላ፤ እነዚያ ሁሉ ድሮ በዳማ እየረታ ሲያሾፍባቸው የነበሩ ናቸው። መጨረሻ ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በቃሉ ሊጫወት ሞከረና ጠፋበት።

‹‹ልጄ፣ ያ የጠርዙ የት ደረሰ?›› አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

‹‹መንገር የለም!›› አሉ ከበው የቆሙት በአንድ አፍ።

ተሸነፈ። ‹‹በል ተነሥ፣ ተረኛ አለ›› አለው ልብስ ሰፊው። ሲነሣ አግዳሚው ቅልጥሙን መታው፤ ያንንም ሳቁበት። ሁሉንም ጠላኋቸው፣ ዛሬም አልወዳቸውም። ጠጠሮቼን ልሰበስብ እጄን ስዘረጋ አባቴ ያዘኝ።

‹‹ተያቸው። ያሸነፈ ይጫወትባቸው።››

ኩራቱ ነው ያናገረው። ስለዚህ ጠጠሮቹ እዚያው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ጨዋታው ይጀመራል። ድንጋይ ጣውላ ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፣ ድምፁም መንገዱን ተሻግሮ እቤታችን ድረስ ይገባል። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያዳምጣል። ‹‹በላ›› ይላል ለራሱ። ትንሽ ቆይቶ ‹‹ነገሠ›› ይላል።

አንድ ቀን መታገሥ አቃተኝና ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ድምፁ ግን አልቀረም።

‹‹በቆርኪ ቢሆን ኖሮ አይሰማኝም ነበር›› አለኝ።